የፈታሁት ስንዝር

ሚዛን ተፈሪ ከተማ፣ ሠዓሊዋ እመቤት ግቢ ሥራ የጀመርኩ ዕለት መጀመሪያ ያነሳሁት ዶማ ነው። እኛ ሸማኔዎች መርገጫውን የምንረግጠው እግራችንን ጉድጓድ ውስጥ ከትተን ነው። ስለዚህ ከሥዕል ክፍሏ ጎን መጠለያው ሥር ቆፈርኩ። ዝናቡ ሲያወርደው አድሮ በማግሥቱ ጉድጓዱ ውሃ ሞልቶ ጠበቀኝ።

እመቤት ጎንበስ ብላ አየችና፣ «ጋሽ ወንድሙ፣ ለሽመና ነው ወይስ ለዓሣ?» አለችኝ።

ተሳሳቅን። አናጺ ጠርተን የሽመና ዕቃውን ከፍ ባለ እንጨት ላይ አስተከልነው። ከጋሞ ደጋ ከወጣሁ ጀምሮ ያለ ጉድጓድ ስሠራ የመጀመሪያዬ ነበር፤ አንድ ሳምንት ሙሉ እግሬ መድረሻ አጣ።

የተቀጠርኩት ቅዳሜ ቅዳሜ ጀማሪዎችን ላስተምር ነው። መምህራንና የቢሮ ሠራተኞች ይመጡ ነበር። መጀመሪያ አግድም የሚገባውን ክር፣ ማጉን፣ በቀሰም ማጠንጠን፣ ቀጥሎ መወርወሪያውን መወርወር፣ ከዚያ መርገጥ። በቁመት የሚዘረጋውን ድር የማዘጋጀው እኔ ነበርኩ። እጅና እግራቸው እስኪስማማ ስንቱ ክር ተበጠሰ!

ያልነገርኳቸው ነገር ነበር። ሰኞ ጠዋት ብቻዬን ስሆን ያበላሹትን ፈትቼ ደግሜ እሠራው ነበር። አባቴም የልጅነት ሥራዬን የሚያርመው እንዲሁ ነበር፤ ጠማማ ሸማ ገበያ ከወጣ የቤተሰቡ ሁሉ ስም በክፉ ይነሳል። ተማሪዎቹ ቅዳሜ ተመልሰው ሲያዩት «ለካ እችላለሁ!» ይላሉ። ደስ ይለኝ ነበር።

እትዬ አስቴር ከሸኮ እየተመላለሱ የሚማሩ የቡና ችግኝ ጣቢያ ሠራተኛ ነበሩ። ቴፒ ያገባች ልጃቸው መውለጃዋ ደርሶ ነበር፤ በእጃቸው የሠሩትን ነጠላ ለአራስነቷ ሊያለብሷት ቆርጠዋል። ነጠላ ሁለት ክፍል ሆኖ ይሠራና መሐሉ ይሰፋል። የመጀመሪያውን ክፍል ሊጨርሱ ሲሉ አንድ ቅዳሜ ስልካቸው ጮኸ። አዳመጡና እልል አሉ። ልጃቸው ሴት ልጅ ወልዳለች!

እያለቀሱም እየሳቁም መወርወራቸውን ቀጠሉ። መርገጫው ተሳሳተባቸው፣ ማጉ ላላ፣ ስንዝር ያህሉ ተወላገደ።

ሰኞ ፈታሁት።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሸማውን በጣታቸው እየዳበሱ ፈለጉ።

«ወንድሙ፣ እዚህ ጋ የነበረው የታለ?»

«ተበላሽቶ ነበር እትዬ፤ አስተካከልኩልዎ።»

«ማን አስተካክል አለህ? ‹ይቺን ስሠራ ነው የወለድሽው› ብዬ ላሳያት ነበር እኮ!»

ቦርሳቸውን አንስተው ወጡ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

እመቤት ከሥዕሏ ቀና ብላ፣ «የሌሎቹንም እንዲህ ነው የሚያደርጉት?» አለችኝ።

አልዋሸኋትም።

«እንግዲያ እስካሁን የተማረ ሰው የለማ» አለችና ወደ ብሩሿ ተመለሰች። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግሥቱ ሸኮ ሄድኩ። «ያቺን ልመልሳት አልችልም፤ ሁለተኛው ክፍል ግን ገና አልተሠራም። እጄን አላስገባም» አልኳቸው። እትዬ አስቴር ወደ ጓዳ ገቡ። ከዚያ አንድ እጅ ሙዝ አምጥተው ፊቴ አስቀመጡና «ብላ» አሉኝ። መታረቃችን ነበር።

ሁለተኛውን ክፍል ሲሠሩ እጆቼን ብብቴ ሥር ቀብሬ ተቀመጥኩ። ጠርዙ በተጣመመ ቁጥር ምን ያህል እንዳንገበገበኝ እኔ ነኝ የማውቀው። «ማጉን ሳብ ያድርጉት» እላለሁ እንጂ ክሩን አልነካሁም። ሲሰፋ አንዱ ጎን ቀጥ ያለ፣ ሌላው የተወላገደ ሆነ፤ ርዝመታቸው እንኳ አልገጠመም።

ከቴፒ ሲመለሱ ልጃቸው እንዴት እንደተቀበለችው ጠየቅኳቸው።

«ነጠላውን ዘረጋችና ሁለቱንም ጎን አየች። ሕፃኗን በጠማማው በኩል ጠቀለለቻት።»

እዚያ ግቢ ከዚያ በኋላም ብዙ ዓመት አስተማርኩ። ስህተቱን አሳያለሁ፤ መፍታቱም አለመፍታቱም የባለቤቱ ነው። ለምታስተምሩ ወጣት ሸማኔዎች የምነግራችሁ ይህንኑ ነው፦ ተማሪው በሌለበት ሥራውን አትፍቱ።