የጠቋሚው ስም

ባለፈው ሳምንት ከማራኪ ወደ ፒያሳ ስወርድ በሚኒባሱ መስኮት አዲስ ማስታወቂያ አየሁ። ወንጀል ሲያዩ በስልክዎ ይጠቁሙ፤ ስምዎ በምስጢር ይያዛል ይላል። አጠገቤ የተቀመጠችው ተማሪ ጥሩ ነገር ነው አለች።

ዩኒቨርሲቲ እንደጨረስኩ የመጀመሪያ ሥራዬ ለአንድ ፖሊስ ጣቢያ የወንጀል መመዝገቢያ ሲስተም መሥራት ነበር። መዝገብ ክፍሉን የያዙት ሃምሳ አለቃ ደምሴ ጡረታቸው የደረሰ ሰው ነበሩ። የጠቋሚዎችን ስም በትንሽ ደብተር ለይተው እየጻፉ መሳቢያቸው ውስጥ ይቆልፉት ነበር። በሲስተሙም ለብቻው እንዲቀመጥ ደጋግመው ነገሩኝ። የድሮ ሰው ጥርጣሬ መሰለኝ። ሁሉንም ባንድ ገጽ፣ በጣቢያውም በየወረዳውም የይለፍ ቃል ላለው ፖሊስ ሁሉ እንዲታይ አድርጌ ሠራሁት። ፍጥነቱ ያኮራኝ ነበር።

በኅዳር፣ ገብስ በሚታጨድበት ሰሞን፣ አያ ካሴ የሚባሉ ገበሬ ከመካነ ብርሃን በጭነት መኪና መጡ። የጎረቤታቸውን በቅሎዎች የሰረቁትን ሰዎች በዓይናቸው አይተዋል። የወረዳቸው ፖሊስ የሌቦቹ ዘመድ ስለሆነ እዚያ መናገር ፈርተዋል። ቃላቸውን ሲስተሙ ላይ ስመዘግብ ከስልቻቸው የገብስ ቆሎ ዘግነው ሰጡኝና ጠየቁኝ።

«ስሜን ማን ያየዋል፣ ልጄ?»

«ማንም አያየውም» አልኳቸው፣ ቆሎውን እየቆረጠምኩ።

ወሩ ሳይሞላ የገብስ ክምራቸው ተቃጠለ። የሌቦቹ ዘመድ የሆነው ፖሊስ ስማቸውን ያገኘው እዚያው ወረዳው ቢሮ ተቀምጦ፣ እኔ በሰጠሁት የይለፍ ቃል ነው።

አያ ካሴ ተመልሰው መጡ። አልጮኹም። ስማቸውን እንዳጠፋላቸው ብቻ ለመኑኝ። የተመዘገበ ነገር እንዳይሰረዝ አድርጌ ስለሠራሁት እንደማልችል ነገርኳቸው። ስክሪኑን ብዙ ቆይተው አዩት።

«እንግዲያ እኔው ልጥፋ» አሉና ወጡ።

በኋላ ቤተሰባቸውን ይዘው ወደ እንፍራንዝ መውረዳቸውን፣ የሰው መሬት እንደሚያርሱ ሰማሁ። ሃምሳ አለቃ አልወቀሱኝም፤ ጡረታ የወጡ ዕለት ግን ደብተራቸውን ጓሮ ወስደው አቃጠሉት። እኔም ስሞቹን ለይቶ የሚቆልፍ ክፍል ሲስተሙ ላይ ጨመርኩ። ግማሽ ቀን ነው የፈጀብኝ።

ዛሬ ይህን የነገርኳቸው ሰዎች ያኔ ልጅ ነበርሽ፣ አታውቂም ነበር ይሉኛል። አውቅ ነበር። ወረዳው እንደሚያየው አውቅ ነበር። ማንም አያየውም ያልኳቸው፣ አያ ካሴ ቶሎ እንዲነሡልኝና ወደ ሥራዬ እንድመለስ ብዬ ነው።