የማይጫወተው ደንበኛ

ቆሰበር ከተማ ጌም ቤት ሥራ የገባሁ ዕለት ባለቤቷ እትዬ የሻረግ መጀመሪያ ያሳዩኝ ቴሌቪዥኑን ሳይሆን የመብራት ማከፋፈያውን ነበር። "መብራት ሲሄድ ሁሉንም ንቀል። ሲመጣ ቆየት ብለህ አንድ በአንድ ሰካ። የተሸነፈ ይነሳል፤ አልነሳም ያለ ካለ እኔን ጥራ" አሉኝ። ከዚያ የጆይስቲክ ጎማ በአልኮል መጥረግ አስተማሩኝ።

የኳስ ጌም የትም ቤት አለ። እኛን የለየን አንድ የድሮ የጦርነት ጌም ነበር። ሥዕሉ ሻካራ፣ ወታደሮቹ የክብሪት እንጨት የሚያካክሉ። የአንድ አገር ልጆች ሰማያዊና ግራጫ ለብሰው እርስ በርስ ይዋጋሉ። መጀመሪያ ካርታ ላይ ጦርህን ታንቀሳቅሳለህ፣ የባቡር ሐዲድ ትቆርጣለህ። ሁለቱ ጦር ሲገናኝ ካርታው ይጠፋና መድፉንና ፈረሰኛውን በራስህ ጣት ታዋጋለህ። ጭንቅላት ኖሮህ ጣትህ ከዘገየ ዋጋ የለህም።

በአካባቢያችን እውነተኛ ተኩስ ተጀምሮ ጊዜው ሲከፋ ያው ጌም ያስፈራን ጀመር። ማን ሰማያዊ መረጠ፣ ማን ግራጫ፣ መተያየት መጣ። "ከተማዋን ያዝናት!" የሚለው ጩኸት መንገድ ላይ እንዳይሰማ በሩን ገርበብ ማድረግ ለመድኩ።

በዚህ መሀል ካፖርት የለበሰ አንድ ጎልማሳ ሰውዬ መመላለስ ጀመረ። ኋላ አግዳሚው ላይ ይቀመጣል። አይጫወትም፣ አያወራም፤ ስክሪኑን አየት፣ እኛን አየት ያደርጋል። እሱ ሲገባ ቤቱ ጭጭ ይላል።

"ጆሮ ጠቢ ነው" አለኝ አንዱ ተጫዋች በሹክሹክታ። እኔም አልተጠራጠርኩም።

እትዬ የሻረግ ሲሰሙ "ያልጠረጠረ ተመነጠረ! ያን ጌም ደብቅልኝ፤ ቤቴን ሊያዘጉብኝ ነው" አሉ። ደበቅኩት።

ሰውዬው ግን በማግስቱም መጣ። ሌላ ሰው አልነበረም። "የጦርነቱ ጨዋታ የት ሄደ?" አለኝ።

"ተበላሽቷል፣ አባቴ።"

"አስማማው የሚባል ልጅስ ታውቃለህ?"

"አላውቅም።"

የመጀመሪያው ውሸት ነበር። ሁለተኛው ግን እውነቴን ነው።

ከካፖርቱ ኪስ ፎቶ አወጣ። "ልጄ ነው። ተቆጥቼው ከቤታችን ከአዘና ወጣ፤ ስልኩም አይሠራም። እዚህ ጦርነት ሲጫወት ይውል ነበር አሉኝ። ጫካ ገብቶ እንደሆን ከአፋችሁ እሰማ ብዬ ነው የምቀመጠው።"

ፎቶውን አየሁት። ጄኔራል የምንለው ልጅ ነው! ጌም ቤት ውስጥ ማንም ቤተሰቡ ባወጣለት ስም አይጠራም። እኛ ጨርሶ ዝም ባንል እንኳ አስማማው የሚል ስም ከአፋችን አይወጣም ነበር።

ጥርጣሬዬ ግን ቶሎ አልለቀቀኝም። ፎቶ ማንም ይይዛል፤ ልጁን አሳልፌ ብሰጠውስ? ያኔ ነው አፉን ያስተዋልኩት። ከዚያ በፊት ሲናገር አይቼው አላውቅም። የፊት ጥርሱ ፍንጭት ነው፣ ልክ እንደ ጄኔራል።

"ጫግኒ ነው ያለው፣ አባቴ። ባጃጅ ይነዳል። ሰሞኑን እንኳ በአዲስ ቁጥር ደውሎልን ነበር" አልኩት።

"በሕይወት አለ?"

"አለ። ደህና ነው።"

አግዳሚው ላይ ዘፍ አለ። በካፖርቱ እጅጌ ፊቱን ጠረገ። "እናቱ እኮ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ነው የምትውለው" አለኝ።

ስልኬን አውጥቼ ቁጥሩን ፈለግኩለት። እሷ የምታለቅስለትን ልጅ ድምፅ እኛ በስልክ እየሰማን እንስቅ ነበር።

ጌም ቤት ለምትከፍቱ ሁሉ የምለው ይህን ነው፦ ቅጽል ስም ያወጣችሁለትን ልጅ እውነተኛ ስሙንና የማን ልጅ እንደሆነ ጠይቁት።