ከአጥር ውጭ የቆመው ዋስ

ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ፣ በዚያው መሐል አንድ ሰው ከደጅ ሲያስል በሰማሁ ቁጥር፣ እጄ ሳላዘው ጣሳ ይፈልጋል። በጤና ምክንያት ከጊዜዬ ቀድሜ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ቀኑን በአብዛኛው ቦንጋ ባለው የአባቴ ቤት በረንዳ ላይ ስለማሳልፍ፣ ያ ድምፅ ደጋግሞ ይመጣብኛል። ሳሉ የአቶ ሻሎ ነው። «አቶ» ተብለው ሲጠሩ የሰማሁት ግን በልጅነቴ፣ በአንድ ክረምት፣ አንድ ቀን ብቻ ነበር።

ሻሎ ከማንኪራ ወዲህ ካለው ጫካ ከሰልና ማር ይዘው ወደ ሰፈራችን ይመጡ ነበር። ማንጆ ተብለው ከሚጠሩት፣ ሌላው ሰው አብሯቸው ከማይበላውና ደፉን ከማያስረግጣቸው ወገን ስለነበሩ፣ እንደ ሌላው ሻጭ በር አያንኳኩም ነበር፤ አጥሩ ጋ ቆመው ያስሉ ነበር። እናቴ ሳሉን ሰምታ «ያ ሰውዬ መጣ፣ ቅጂለት» ስትለኝ፣ እሳቸው ለእሳቸው ብቻ ተለይቶ ከአጥሩ እንጨት ላይ የተሰቀለውን ጣሳ አውርደው ይዘረጉልኝና፣ እኔ ጠርዙን እንዳልነካ ማሰሮውን ከፍ አድርጌ ቦርዴ እቀዳላቸው ነበር። በዕድሜ አባቴን ይበልጡ ነበር፤ እናቴ ግን «አንተ» ትላቸው ነበር። ይህን ማንም ተቀምጦ አላስተማረንም፤ ከቤቱ ጋር አብሮን ያደገ ነገር ነበር።

አባቴ በአንድ የቡና መግዣ መጋዘን ሚዛን ላይ ይሠራ ነበር፤ በሚዛኑ ላይ ሰው ለይቶ ስለማያውቅም ቤተሰባችን ይኮራ ነበር። ሌሎቹ መዛኞች የሻሎን ጆንያ ወደ ኋላ ሲገፉት፣ እሱ ተራቸው በደረሰ ጊዜ ጠርቶ ይመዝንላቸው ነበር።

ደርግ ወድቆ አዲሱ መንግሥት ከገባ ጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በአንድ ክረምት መግቢያ፣ የመጋዘኑ ቡና እንደገና ሲመዘን ጎደለና አባቴ ተጠርጥሮ ታሰረ። ኋላ ሲጣራ ቡናው በእርጥቡ ተገዝቶ፣ መጋዘን ውስጥ ደርቆ ክብደቱ መቀነሱ ታወቀ፤ እስኪጣራ ድረስ ግን ከተማው ሌላ ስም አውጥቶልን ነበር። እንስራዬን ይዤ ወደ ቦኖ ስወርድ ልጆቹ «ኪሎ! ኪሎ መጣች!» እያሉ ይከተሉኝ ስለነበር፣ እንስራው ሳይሞላ ተመልሼ፣ እናቴ እንዳትቆጣኝ ከጓሮ እደበቅ ነበር።

ዳኛው በዋስ እንዲወጣ ፈቀዱለት። ፈቃዱ ብቻውን በር እንደማይከፍት የተማርነው ያን ጊዜ ነው። ዋስ የሚሆነው ሰው ቋሚ ደመወዝ ወይም የተረጋገጠ ንብረት ሊኖረው፣ በአካል ቀርቦም ተከሳሹ በቀጠሮው ባይገኝ እኔ እከፍላለሁ ብሎ ሊፈርም ይገባል። ፍርድ ቤቱ ለክረምቱ ሊዘጋ የቀሩት ቀናት ጥቂት ነበሩና፣ እናቴ አባቴ መስቀልን እዚያው ታስሮ ሊውል ነው ብላ እኔን አስከትላ ዋስ ፍለጋ ወጣች።

መጀመሪያ የሄድነው ጋሽ ተካ ዘንድ ነበር። ከመሐል አገር መጥቶ ሱቅ የከፈተ፣ የአባቴ የልብ ወዳጅ፣ በየበዓሉ ከእኛ ገበታ የማይጠፋ ሰው ነበር።

«እትዬ ዘነበች፣ እኔማ ደስ ይለኝ ነበር» አለ። «ቤቱ ግን የሚስቴም ነው። እሷ እምቢ ብላ ምን ላድርግ?»

ሚስቱ ከጓዳ ሆና «እኔን ደግሞ ማን ጠየቀኝ?» አለች።

ጋሽ ተካ ሬዲዮውን ከፍ አደረገ።

ከሌሎችም ደጅ እንዲሁ ባዶ እጃችንን ተመልሰን ፍርድ ቤቱ በር ላይ ስንቆም፣ ጃንጥላ ሥር ተቀምጦ ማመልከቻ የሚጽፈው ሰውዬ እናቴን ጠራት።

«እትዬ፣ ባል ይጠፋ እንደሆነ እንጂ ዋስ አይጠፋም። ሒሳቧን ብቻ ያዘጋጁ፣ እኔ ሰው አመጣለሁ።»

«የምን ሰው?»

«ደመወዝተኛ ነው። ባለቤትዎን አይቷቸው አያውቅም፤ ግን በጣም ይወዳቸዋል።»

እናቴ ልትስቅ አፏን ከፍታ አለቀሰች። የምትከፍለው አልነበራትም፤ ቢኖራትም ባሏ በተገዛ ወዳጅ ወጣ መባሉን አትችለውም ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ሳሉ ተሰማ። እናቴ ከውስጥ ሆና «ዛሬ ከሰል አንፈልግም!» ብላ ጮኸች።

«ከሰል አልያዝኩም» አሉ ሻሎ። «ጋሼ ታሰረ አሉኝ፣ ዋስ ጠፋ አሉኝ። እኔ መሬት አለ፣ ቡና አለ፣ ላምም አለ። ከቀበሌ ማረጋገጫ አጽፌ መጣሁ።»

እናቴ ወጥታ አጥሩ ጋ ደረሰች። «አንተ ለእሱ? ለምን ብለህ?»

«ጆንያዬን ወደ ኋላ ብሎ አያውቅም።»

ወደ ፍርድ ቤት ስንሄድ እናቴና እኔ ከፊት፣ ሻሎ ደግሞ ሰው አብረን መሆናችንን እስከማይጠረጥር ድረስ ርቀው ከኋላ፣ ጭቃ ጭቃውን ይከተሉን ነበር። ጸሐፊው በር ላይ ወጥቶ «አቶ ሻሎ ይግቡ!» ሲል ንቅንቅ አላሉም፤ ሌላ ሰው የተጠራ መስሏቸው ወደ ኋላቸው ዞረው አዩ። ያን ጊዜ እናቴ አንገቷን ደፍታ «እርስዎን እኮ ነው» አለቻቸው። ገብተው አሻራቸውን አኖሩ፤ አባቴ በዚያው ቀን ወጣ።

በዚያ ምሽት ቤታችን በሰው ሞላ። ጋሽ ተካ ስኳር ይዞ ከሁሉ ቀድሞ መጥቶ፣ «አልቀመጥም፣ ሱቁን ትቼ ነው» ሲል አባቴ «በሞቴ! አፈር ስሆን!» እያለ እጅጌውን ጎትቶ ከደህናው ወንበር ላይ አስቀመጠው። ሻሎ ከፍርድ ቤቱ በር ላይ ነበር ወደ ጫካቸው የተመለሱት።

መስከረም ጠብቶ አደይ አበባ ሲወጣ ሳሉ እንደገና ተሰማ። አባቴ ራሱ ተነሥቶ ወጣና በሩን ከፍቶ፣ «ይግቡ እንጂ» አላቸው።

ሻሎ እግራቸውን አዩ። «ኧረ ጋሼ፣ ጭቃ ነኝ። እዚሁ ደህና ነኝ።»

በእኛ አገር አንድ ጊዜ ብቻ የተባለ «ግቡ» ግብዣ አለመሆኑን ሕፃን ልጅ ያውቃል፤ እንግዳ እምቢ ይላል፣ ባለቤት ይለምናል፣ እጅጌ ይጎተታል። እኔም አባቴ «በሞቴ» እስኪል ጠበቅሁ። አባቴ ወደ ጎረቤት አጥር ቀና ብሎ አየ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ቅጂላቸው» አለኝ።

ሻሎ ጣሳውን ከአጥሩ አወረዱ።

ቡና በሚለቀምበት ወራት አባቴ ነፃ ተብሎ ወደ ሚዛኑ ተመለሰ፤ የሻሎንም ጆንያ እንደ ቀድሞው በተራው ይመዝን ነበር፤ ግን ዓይኑን ከሚዛኑ አያነሣም ነበር። በጋው ሲገባ እናቴ ገበያ ወርዳ የሚያብለጨልጭ አዲስ ጣሳ ገዝታ፣ በአሮጌው ፈንታ ከአጥሩ እንጨት ላይ ሰቀለችው። ውለታ መመለሷ ነበር። ሻሎ አዲሱን ጣሳ አገላብጠው አይተው፣ «እግዜር ይስጥልኝ» አሉና ጠጡ።

ዛሬ ያ አጥር በብሎኬት ተተክቷል፤ በሩም ደወል አለው። በአገልግሎት ዘመኔ ለብዙ ባልደረቦቼ በደመወዜ ዋስ ሆኜ ፈርሜአለሁ፤ አንድም ያሳፈረኝ የለም። የሻሎ የልጅ ልጅ እኔ በሠራሁበት መሥሪያ ቤት ተቀጥራ፣ የጡረታዬን ጉዳይ በትሕትናና ያለ ስሕተት የጨረሰችልኝ እሷ ነበረች። ያን ቀን «ቤት ነይ» ብያት «እመጣለሁ፣ እትዬ» ብላኝ ነበር። ባለፈው ሰሞን ገበያ ላይ አግኝቻት ደግሜ ስነግራት፣ ያንኑ መልስ በፈገግታ ሰጠችኝ፤ ፈገግታዋ የአያቷ ነበር።

አባቴ አንድ ጊዜ «ይግቡ» ብሎ ተወ። እኔ ሁለት ጊዜ ብያለሁ፤ እጅጌዋን ግን ገና አልያዝኩም።