ላልቶ ተጽፎ ጠብቆ የተዘፈነ

ሙት ወቃሽ አያድርገኝና እናቴ ፈሪ ነበረች። ሥራዋ የፊልም ዘፈን ግጥም መጻፍ ነው። ቤተሰብ ተሰብስቦ የሚያያቸው ፊልሞች አሉ አይደል፣ እንስሳው የሚያወራባቸው፣ መጨረሻ ላይ ሁሉም ተቃቅፎ የሚዘፍንባቸው? የእነሱን ግጥም የምትጽፈው እሷ ነበረች። ስሟ ፊልሙ ሲያልቅ፣ ሰው ሁሉ ተነስቶ ወደ በሩ ሲጋፋ በደቃቅ ፊደል ያልፋል። አንብቦት የሚያውቅ ካለ እጁን ያውጣ።

ፍርሃቷ ከልጅነቷ ነው። ያሳደገቻት የአባቷ እህት፣ ነፍሷን ይማርና፣ እማዬ ባጠፋች ቁጥር ዕቃ ቤት ትዘጋባትና ጭራቁ ይበላሻል ትላት ነበር። እማዬ አርጅታም ዕቃ ቤት ስትገባ መጀመሪያ እጇን ብቻ ሰዳ መብራቱን ታበራለች፤ ከዚያ ነው እግሯን የምታስገባው። ስለዚህ አንድ ሕግ ነበራት፤ ዘፈኗ ውስጥ ጥርስ ያለው ነገር አይገባም። ባለፊልሙ፣ ማለትም እነዚያን ፊልሞች የሚያሠራው ሰውዬ፣ አንዴ ተኩላ ይግባበት ቢላት ሳምንት ሙሉ ተኳረፉ። በመጨረሻ ተኩላው በግ ሆኖ ወጣ።

የምትጽፈው ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ነው። መጀመሪያ ቃል የሚባል ነገር የለም፤ ጠረጴዛውን በማንኪያ እየመታች ላ ላ ሊላ ስትል ትውላለች። ቃሉ ሲመጣ እኔን ትጠራኛለች። ታነብልኝና ቅንድቤን ታያለች፤ ቅንድቤ ቅጭም ካለ ቃሉን ትሰርዘዋለች። አንድ ቃል እኔን ካስፈራኝ ሌላውንም ልጅ ያስፈራል ባይ ናት። ሲያልቅ ደግሞ ጠብቀው የሚነበቡት ፊደሎች አናት ላይ በቀይ እስክሪብቶ ነጥብ ታደርጋለች። መቼም ጽሕፈታችን ጉደኛ ነው፤ የሚጠብቀውንም የሚላላውንም አንድ አድርጎ ነው የሚጽፈው። ያወቀ ያውቀዋል፣ ያላወቀ ገደል ይግባ።

ከዚያ የድቡ ፊልም መጣ። ነጭ ሽርጥ ያሰረ ወጥ ሠሪ ድብ ጫካ ውስጥ የሚጫወቱ ልጆችን ለምሳ ይጠራል። እማዬ ሽርጥ ያሰረ አይናከስም ብላ ራሷን አሳመነችና እንዲህ ስትል ጻፈችለት፦

ድስቱ ሲንተከተክ፣ ሳህኑ ሲሞላ፣
አቤት ያለ ልጅ ነው ቀድሞ የሚበላ።

ላልቶ ነው እንግዲህ። ስትጠራ አቤት ካልክ ከሁሉም ቀድመህ ትመገባለህ፣ አለቀ። "በላ" የምትለዋ ላይ አንድም ቀይ ነጥብ አልነበረም።

ዘፈኑ በተቀረጸበት ቀን እኔ ኩፍኝ ይዞኝ እማዬ ከአልጋዬ ሥር አልነቃነቅ አለች። የባለፊልሙ ታይፒስት ግጥሙን ስትገለብጥ ቀዩን ነጥብ የቀለም ጠብታ መስሏት ሁሉንም ተወችው። ዘፋኙ ድምፁ ወፍራም ነው፤ ከበሮው "በላ" ላይ ሲመታ እሱም አብሮ ረገጥ አደረገው። እስቲ እናንተው አጥብቃችሁ በሉት። በላተኛው ድቡ፣ ምሳው ልጁ ሆኖ አረፈው።

እማዬ ይህንን የሰማችው ሲኒማ ቤት፣ ከሰው መሐል ተቀምጣ ነው። እጄን የያዘችበት መዳፏ ሲቀዘቅዝ ይታወቀኛል። አዋቂዎቹ ሳቁ። ልጆቹ አልሳቁም። ድቡ ጭልፋውን ይዞ ከዛፍ ዛፍ እየዞረ ይጣራል፣ እኛ ደግሞ እግራችንን ሰብስበን ወንበሩ ላይ አወጣን።

ከዚያ በኋላ በሰፈራችን አቤት የሚል ልጅ ጠፋ። እናት በር ላይ ቆማ ትጮኻለች፣ ልጅ ከየጥጉ ትንፋሹን ውጦ ያዳምጣል። ለሰው ሁሉ ቀልድ ነበር። እማዬ ባለፊልሙ ዘንድ ሄዳ ይታረምልኝ ብላ ለመነችው። ያለቀ ሥራ ነው፣ ደግሞስ ልጆቹ ወደውታል ብሎ ጆሮ ዳባ ልበስ አላት። አንድ ቀን አንድ ልጅ የሆነ ቦታ ይጠፋል፣ እናቱ ትጠራዋለች፣ እሱ ግን አይመልስም ስትለው ሳቀባት።

ይህ ፍርሃት ከላይዋ አልወረደም። መንገድ ላይ የማታውቀውን ልጅ ታስቆምና አጎንብሳ ዘፈኑን አላልታ ትዘፍንለታለች። እናቶች ልጆቻቸውን ወደ ራሳቸው ይስባሉ። እኔ በኀፍረት መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ እወድ ነበር። ሌላም ብዙ ዘፈን ጻፈች፣ ግን ማታ ማታ የሚያነቃት ያው አንዱ ነው። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባል የለ? የደረሰው እኛው ቤት ነው።

አግብቼ ሴት ልጅ ወለድኩ። ከማነሷ የተነሳ ድንቢጥ እንላታለን። የተከራየነው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሕንጻው ግን ገና አላለቀም። የሊፍቱ ቦታ የግንበኞች መወጣጫ እንጨት የቆመበት፣ ከላይ እስከ ታች ክፍት ጉድጓድ ነው፣ በየፎቁ በጣውላ ጋርደውታል። እማዬ ልትጠይቀን ስትመጣ ጠንክሮ እንደሆነ ጣውላውን ሳትነቀንቅ ቤት አትገባም። አከራዩን ስንት ጊዜ ጨቀጨቅነው፤ ነገ ይላል፣ ነገው አይመጣም።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ያንን የተረገመ ፊልም ቴሌቪዥኑ ደገመው። ድንቢጥ እያየች ነው፤ እኔ ልብስ ላሰጣ በረንዳ ወጣሁ። ስመለስ ድቡ ለብቻው ይዘፍናል፣ በሩ ገርበብ ብሏል፣ ልጅ የለችም።

ጠራኋት። ዝም። ደረጃውን ወጣሁ፣ ወረድኩ፣ ጎረቤት አንኳኳሁ። ከሥር የሚሠራው ግንበኛ ጩኸቴን ሰምቶ ሮጦ መጣ። የእኛ ፎቅ ጣውላ ወደ ጎን መገፋቱን ያየው እሱ ነው፤ ክፍተቱ ልጅ ያሾልካል። ባትሪ ቢያበራም ውስጡ የመወጣጫ እንጨትና ሳንቃ ተደራርቦ ከሥሩ ያለውን አያሳይም። ሳንቃዎቹ እንዳልታሰሩ ነገረኝ። የትኛው ላይ እንዳለች ሳያውቅ ቢረግጥ ይንሸራተትባታል፣ ስለዚህ ድምፅ ታሰማ አለ። ካለች ነው ይሄም። ይህቺን የመጨረሻዋን ቃል አፉ ውስጥ አስቀራት፣ እኔ ግን ሰማኋት።

ጮኽኩ። በጮኽኩ ቁጥር ጉድጓዱ የራሴን ድምፅ ይመልስልኛል። ልጄ ሞታ ይሁን ፈርታ የምለይበት ነገር የለኝም።

እማዬ ዳቦ ይዛ ደረጃውን ስትወጣ ደረሰች። ማንም አልነገራትም። የተከፈተውን በራችንን አየች፣ ዘፈኑን ሰማች፣ ጣውላውን አየች። ዳቦው ከእጇ ወደቀ። ጉድጓዱ አፍ ላይ ተንበርክካ ዘፈኑን እንደጻፈችው አላልታ ዘፈነችው። ምንም። ደገመችው። ድንቢጥ የአያቷን ዘፈን ከየት ታውቀዋለች፣ የምታውቀው የድቡን ነው።

ከታች አንድ ሳንቃ ሲጥ አለ።

ግንበኛው፣ እየተነሳች ነው፣ እንዳትነቃነቅ በሏት አለ። እማዬ ዓይኗን ጨፈነች። ከዚያ ከእሷ ይወጣል ብዬ በሕልሜ የማላስበው ድምፅ ወጣ። ወፍራም፣ ጎርናና፣ "በላ" ላይ ረግጦ የሚያጠብቅ፣ ቁርጥ የድቡ ድምፅ።

"ዝም ያለ ልጅ ነው ቀድሞ የሚበላ። የተነቃነቀ ልጅ ነው ቀድሞ የሚበላ።"

እኔ ትልቋ ሴትዮ ፈራሁ።

"አቤት" አለች ልጄ።

ከእኛ አንድ ፎቅ ዝቅ ብሎ፣ ከግድግዳው ጥግ ነው። እማዬ በዚያው ድምፅ ደጋግማ ጠራቻት፤ ድንቢጥ አቤት፣ አቤት እያለች፣ ግንበኛውም ወገቡን በገመድ አስሮ ድምፁን እየተከተለ ወረደ። ይዟት ሲወጣ ሱሪዋ ርሷል፣ ጥርሷ ይንገጫገጫል። ጭረት እንኳን አላገኛትም። ድቡ ሲጣራ ልደበቅ ብላ ገብታ፣ በመወጣጫው እንጨት ነው የወረደችው።

እማዬ እያለቀሰች ሁለት እጇን ዘረጋችላት። ድንቢጥ አየቻት፣ ጮኸችና አንገቴ ሥር ተወሸቀች። እኔ ነኝ እኮ የኔ ሆድ ብትላት፣ በገዛ ድምፅዋ ብታባብላት፣ ልጅቷ ይብስ ጥፍሯን ሥጋዬ ውስጥ ቀበረች። እማዬ እጇን ቀስ ብላ ሰበሰበች።

"ተያት" አለችኝ። "ኖራ ትፍራኝ።"

ከዚያ ወዲያ ግጥም አልጻፈችም። ማንኪያውን አንስታ ጠረጴዛውን ስትመታ ድንቢጥ ከክፍሉ ስለምትወጣ ተወችው። እማዬ እስክትሞት ድረስ ልጅቷ አንድ ቀን ጭኗ ላይ አልተቀመጠችም። ያኔ አያቷ ከሩቅ ሆና ስትጠራት ግን፣ አሁንም ማንም ሲጠራት፣ ስሟ ተጠርቶ ሳያልቅ ብድግ ብላ አቤት ትላለች። እንግዳ ቤት ሲመጣ፣ እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ አሳደግሽ ይለኛል።