የእሑድ ፈቃደኞች

ጎሚስታ ቸርኬ ሲቀጠቅጥ በሰማሁ ቁጥር፣ ዛሬም ሃምሳን ተሻግሬ፣ እግሬ እኔን ሳያማክር ጫማውን መፈለግ ይጀምራል። ልጅ ሳለሁ አምቦ ውስጥ የቀበሌያችን ደወል ከአሮጌ የጭነት መኪና የወለቀ ቸርኬ ነበር፤ ከጽሕፈት ቤቱ ፊት ካለው ዛፍ ላይ ተንጠልጥሎ እሑድ ማለዳ ሲደበደብ፣ ጌዶ ድረስ ይሰማ ነበር ብል የሚያምነኝ ባይኖርም፣ የሰፈራችንን ሙታን ግን ሁለት ሦስት ጊዜ አስነሥቷል።

እንግዲህ እወቁልኝ፤ በዚያ ዘመን ከእንጭኒ እስከ ጌዶ እንደ እኔ ያለ በጎ ፈቃደኛ አልተወለደም። ሌላው አንድ እሑድ መጥቶ አንድ እሑድ ሲቀር፣ እኔ ከቁመቴ የሚበልጥ አካፋ ተሸክሜ አንዲት እሑድ ሳላዛንፍ አገር ስገነባ ነው ያደግኩት። ይህን ጀብዱ ለልጆቼ ስተርክ የምዘለው ነገር ቢኖር፣ በየእሑዱ እናቴ ጆሮዬን ይዛ እዛፉ ሥር ድረስ ታደርሰኝ እንደነበር ብቻ ነው። ደንቡ ቀላል ነበር፤ ከየቤቱ አንድ ሰው በፈቃዱ ይወጣል፤ በፈቃዱ ያልወጣ ቤት ከኅብረት ሱቅ የስኳር ተራው ያልፈዋል፣ አሁንም በፈቃዱ አልወጣ ካለ አባወራው ቀበሌ ያድራል። አባቴ የእርሻ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበር፤ ወገቡን ያመዋል፣ የሚያመው ግን እሑድ እሑድ ብቻ ነበር። ስለዚህ የቤታችን ፈቃደኛ እኔ ሆንኩ።

የፈቃደኞቹ አለቃ ሊቀ መንበሩ ጓድ በላይነህ ነበር፤ ከሹመቱ በፊት ቡና ቤት ውስጥ ለሰዎች የቢሊያርድ ነጥብ ይቆጥር የነበረ፣ ከሹመቱ በኋላም አካፋ ሲጨብጥ ሰው አይቶት የማያውቅ ሰው። የሚጨብጠው ፊሽካ ነበር። እኛ ስንቆፍር እሱ ይነፋ ነበር፤ ላቡ ግን ከእኛ ቀድሞ ይወርድ ነበር፣ ምን እንደሚያልበው እግዜር ይወቅ።

መስከረም ጠብቶ ጭቃው ጠጠር ሲል ቦይ እንቆፍር ነበር። ቦዩ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚደርስ የጠየቀ ስላልነበረ ውሃው ራሱ ግራ ገብቶት መሐል ላይ ቆሞ ቀረ፤ ከዚያ ወዲያ ያፈራው ትርፍ እንቁራሪት ብቻ ነበር። ጥር ሲገባ ደግሞ፣ መሬቱ እንደ ድስት ቂጥ ሲደርቅ፣ ችግኝ እንተክል ነበር። ለምን በጥር ብትሉ፣ ትእዛዙ ከአውራጃ የመጣው በጥር ነዋ! ክረምት ላይ ትእዛዝ ስላልመጣ ክረምት ላይ አልተከልንም። ላስቲኩን መግፈፍ ጊዜ ይፈጃል ተብሎ ችግኙን ከነላስቲኩ ስለቀበርነው፣ በየካቲት ቀጥ ብሎ ደረቀና የሰፈር ሴቶች እየነቀሉ ለማገዶ ወሰዱት። ከዘመቻዎቻችን ሁሉ ለሰው የጠቀመ ይኸው አንዱ ነበር።

በግንቦት ግን ነገሩ ከቀልድ አለፈ።

ከበራችን ትይዩ አዴ ጫልቱ የሚባሉ ባልቴት ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። አንድ ልጃቸው ሰሜን ዘምቶ ወሬው ከጠፋ ቢሰነብትም፣ እሳቸው መደቡ ላይ አጎዛውን አንጥፈው፣ በራቸውን ሳይቀረቅሩ ይጠብቁት ነበር። ለእኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ ቆሎ ከእፍኛቸው ወደ ኪሴ የሚገለብጡልኝ ሴት ናቸው። ጎጆአቸው የሣር ክዳን ስትሆን በአንድ ማዕዘን ታፈስ ነበር። ከአውራጃ እንግዳ ይመጣል ሲባል ጓድ በላይነህ «ለአቅመ ደካሞች እርዳታ» የሚያሳይበት ቤት ሲፈልግ ዓይኑ እዚያች ጎጆ ላይ ዐረፈ።

«ጓድ፣ የምታፈሰው በዚህ በኩል ብቻ ነው፤ ኦቦ ደቻሳ ሁለት ሸክም ሣር ቢያስገባልኝ ይበቃኛል» አሉት።

«አዴ ጫልቱ፣ አብዮት መጣፍ አያውቅም! ቆርቆሮ ነው የምናለብስዎት!»

«ቆርቆሮው የታል ታዲያ?»

«በመንገድ ላይ ነው።»

«በእግሩ ነው የሚመጣው?» አለ ኦቦ ደቻሳ፣ ጋሪ ነጂው ጎረቤታችን፣ እኔ ብቻ እንድሰማው አድርጎ።

እሑድ ዕለት እንግዳው ከመኪናው ወርዶ መሐረቡን አፍንጫው ላይ ሲያደርግ፣ እኛ እየዘፈንን ጣሪያውን ገፈፍነው። መግፈፍ ከመክደን ይልቅ አቧራ ያስነሣል፣ አቧራ ደግሞ ከሩቅ ሲያዩት ሥራ ይመስላል። እኔ ቀላል ነህ ተብዬ ጫፉ ላይ ወጥቼ ሣሩን እየነጨሁ ቁልቁል ስበትን፣ እንግዳው ስለ ሕዝብ ጉልበት ተናግሮ፣ ተጨብጭቦለት ወደ ጌዶ ሄደ። ወዲያው ቸርኬው ተመታ። በእኛ ቀበሌ ቸርኬ ከተመታ በኋላ የሠራ ሰው ሥነ ሥርዓት እንዳፈረሰ ይቆጠር ስለነበር፣ ሕዝቡ የያዘውን እዚያው ጥሎ በአንድ ጊዜ ተበተነ። መሰላሉም የቀበሌ ንብረት ነበርና ከፈቃደኞቹ ጋር ወደ ጽሕፈት ቤት ገባ። እኔ ባዶ ወራጅ አቅፌ፣ አዴ ጫልቱ ከታች ባዶ ሰማይ እያዩ ቀረን። ያለቀስኩትን ልቅሶ የአምቦ ሰው ሁሉ ሰምቶታል፤ ኦቦ ደቻሳ ጋሪውን አስጠግቶ እንደ ከረጢት አወረደኝ።

ቆርቆሮው ሰኞም አልመጣም፣ በሳምንቱም አልመጣም። እናቴ «እኛ ዘንድ ይደሩ» ብላ ብትለምናቸው አዴ ጫልቱ እንቢ አሉ። «ልጄ መጥቶ ቤቱን ባዶ ቢያገኘውስ?» ይሉ ነበር። እናቴ ሸራ ወጥራላቸው፣ እሳቸው ያችን አጎዛ ጠቅልለው ጭናቸው ላይ አድርገው ከሥሩ ይቀመጡ ነበር። በወንጪ በኩል ደመናው በየቀኑ እየወፈረ መጣ፤ የመጀመሪያው ዝናብ ሸራውን ሲቀድደው እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ፣ እኔን አስከትላ ቀበሌ ገባች።

«ጓድ በላይነህ፣ ሴትዮዋ ሜዳ ላይ ናቸው።»

«ቆርቆሮው በሂደት ላይ ነው።»

«ሂደቱ ዝናብ ያስጠልላል?»

«እትዬ ዘነበች፣ ያ ጣሪያ አሁን እቅድ ውስጥ ገብቷል። እቅድ ውስጥ የገባ ጣሪያ የነካ ሰው ይጠየቃል። ለባለቤትዎም ይህንኑ ይንገሩልኝ።»

ነገረችው። አባቴ ራቱን በልቶ ተኛ፤ እናቴ ወደ ግድግዳው ዞራ ተኛች። እውነት ለመናገር እኔም ንቄው ነበር። በነጋታው ግን ለሥራ ከሚለብሰው ኮት ይልቅ የተቀደደች ሹራቡን ለብሶ ጠፍር ሲፈልግ አየሁት።

«ወገብህስ?» አለችው እናቴ።

«ዛሬ ረቡዕ ነው» አላት።

ማንም ደወል አልመታም። የኦቦ ደቻሳ ጋሪ ሣር ተሸክማ መጣች፤ ከኋላዋ እሑድ እሑድ አካፋ ተደግፈው ሲያንቀላፉ የማውቃቸው ሰዎች አንድ በአንድ ብቅ አሉ። በኦሮምኛው ጅጊ፣ በአማርኛው ደቦ እንለዋለን፤ የተጠራ የለም፣ የቀረም የለም። አንዱ መሰላል ከቤቱ አመጣ፣ ሴቶቹ ጭኮና ጠላ አቀረቡ፣ እኔም ሣር እያቀበልኩ ስሮጥ ጆሮዬ ላይ የማንም እጅ አልነበረም። ጣሪያው ግማሽ ሲደርስ ጓድ በላይነህ ጠመንጃ የያዙ ሁለት አብዮት ጠባቂዎች አስከትሎ ከተፍ አለ። ሁሉም ቀጥ አለ። አዴ ጫልቱ አጎዛቸውን ጥብቅ አድርገው አቀፉ።

«ማነው ያዘዛችሁ?»

ያን የመሰለ ፈሪ አባቴ ከላይ ሆኖ በጥርሱ የያዘውን ጠፍር አወጣና፣ «ማንም አላዘዘን፣ ጓድ። ዝናብ ሳይመጣ እንጨርስ» ብሎ ጀርባውን ሰጥቶት ማሠሩን ቀጠለ።

ጓድ በላይነህ ሰዉን ዞር ብሎ ቃኘው። ከእሑዱ ይበልጣል። ማሰር ከጀመረ ግማሽ ቀበሌ ሊያስር ሆነ። ትንሽ አሰበና ድንጋይ ላይ ወጣ፤ ይህን ሕዝብ ያንቀሳቀሰው የእሱ አመራር መሆኑን ገልጾ፣ እቅዱ ከጊዜው ቀድሞ በመጠናቀቁ አመሰገነን። ስኳር አለና አጨበጨብን። አዴ ጫልቱ ጎረቤቶቹን «ገለቶማ! ገለቶማ!» እያሉ ሲያመሰግኑ ቆይተው፣ የጓድ በላይነህን እጅ በሁለት እጃቸው ያዙ።

«የኔ ልጅ» አሉት፣ «አደራህን፣ ሁለተኛ እንዳትረዳኝ።»

ሐምሌ ላይ ዝናቡ ሲወርድ እሳቸው ዘንድ ገብቼ እሳት ስሞቅ አንዲት ጠብታ አልነካችኝም። ልጃቸው በዚያ ክረምት አልመጣም፤ ቢመጣ የሚገባበት ቤት ግን ነበር።

ዛሬ ጊዜው ተሻሽሏል፤ ክረምት በመጣ ቁጥር ወጣቶች ተመሳሳይ ካናቴራ ለብሰው፣ ማንም ሳያስፈራራቸው የአረጋውያን ቤት ሲያድሱ አያለሁ። ባጃጅ ውስጥ ሆኜ «ጎበዞች!» እላቸዋለሁ፤ ሰፈሬ ስደርስ «ወራጅ አለ» ብዬ ሒሳብ እከፍልና ቤቴ እገባለሁ። ስለ ጓድ በላይነህ ማውራት ስጀምር ደግሞ የሚያስቆመኝ የለም። ባለፈው ሐምሌ ነፋስ ከአንዱ ጎረቤት ጣሪያ ላይ ቆርቆሮ ገንጥሎ ግቢያችን ውስጥ ወረወረ። ከማን ቤት እንደሆነ ለማወቅ በአጥሩ ላይ አንገትን ማስገግ ይበቃ ነበር። የጠየቀኝ ሰው አልመጣም፣ እኔም አልሄድኩም። የውሻዬን ቤት ከደንኩበት።