ከእናቴ ጋር በሲኦል በኩል

እናቴን ከላሊበላ ላወጣት ነበር የሄድኩት። ወልድያ ቤት አለኝ፣ ሥራ አለኝ፣ ለእሷም አንድ ክፍል አዘጋጅቼላታለሁ። የዓይን ሐኪሙ ግላኮማ ነው ብሎ እቅጩን ነግሮናል። የጠፋው አይመለስም፤ የቀረውንም ጠብታው ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም። ያኔ ፊት ለፊቷ ያለውን ታያለች፤ ግራና ቀኟ ግን ጠፍቷል፣ በቁልፍ ቀዳዳ እንደሚያይ ሰው። አባቴ ካረፈ ወዲህ የምትኖረው ብቻዋን ነው። በዚያ ሁሉ ቁልቁለትና ገደል መሃል ዓይኗ ሲጠፋ እንዴት ልትሆን ነው? ይህን ሳስብ እንቅልፍ አይወስደኝም ነበር።

እኔ ስፈጠርም ፈሪ ነኝ። መንገድ ተዘጋ ሲባል እፈራለሁ፤ ተከፈተ ሲባል ደግሞ እስኪዘጋ እፈራለሁ። ያን ሰሞን ተከፍቶ ነበርና በደረስኩ ማግስት ጠዋት የሚነሳ መኪና ላይ ለሁለታችን ቦታ ያዝኩ።

እናቴ እሺም እምቢም አላለችም። «መጀመሪያ የንጉሡን ከተማ በእግሬ ልዙረው» አለች። «ዓይኔ ሳለ። ነገሩን እዚያው እነግርሻለሁ።»

ስለ ንጉሡ ስታወራ ትናንት ከሰፈር የለቀቀ ጎረቤት ነው የሚመስላችሁ። መድኃኔዓለም ዙሪያ ያሉትን ዓምዶች አንድ በአንድ እየዳሰሰች፣ ቀን ሰው ሲጠርብ ሌሊት መላእክት እንዴት ይቀጥሉ እንደነበር ነገረችኝ። ማርያም ገብታ በጨርቅ የተሸፈነውን ዓምድ ከሩቅ ተሳለመች፤ ያለፈውም የሚመጣውም ተጽፎበታል ይባላል፣ ገልጦ የሚያየው ግን የለም። «ባይገልጡት ይሻላል» አለች። ጎልጎታ ሴት ስለማይገባበት በር ላይ ተንበርክካ ደፉን ሳመች። እኔ በዚህ ሁሉ የማየው እግሯን ነበር። እያንዳንዱ ደረጃ ላይ እጄን እዘረጋለሁ።

ጊዮርጊስ ስንደርስ ባሰብኝ። ቤተ ክርስቲያኑ ከመሬት በታች ጉድጓዱ ውስጥ ነው ያለው፣ ጉድጓዱ ደግሞ አጥር የለውም። እናቴ ጣሪያው ላይ ያለውን መስቀል ለማየት እስከ ጫፉ ሄደች። ጎኗን እንደማታይ ስለማውቅ ቀሚሷን ከኋላ ጨምድጄ ያዝኩ።

«ልቀቂኝ እንጂ፣ ልትጥይኝ ነው እንዴ!» አለችኝ።

ይህን እያለች ከአሸተን ተራራ ወዲያ ተኩስ ተሰማ። ጥላ ስር የተቀመጡት ጎረምሶች ቀና ብለው አዳመጡና ወሬያቸውን ቀጠሉ። እኔ ግን ወደ ቤት እንመለስ ብዬ ለመንኳት። ሰርግም ሊሆን ይችላል ብላ ነጠላዋን አስተካክላ ዮርዳኖስ ወደሚባለው ቦይ ወረደች። ምን ላድርግ፣ ተከተልኳት።

ከዮርዳኖስ ማዶ ገብርኤል ወሩፋኤል አለ። ድሮ ቤተ መንግሥት ነበር ይላሉ። መርቆሬዎስ ደግሞ እስር ቤት ነበር፣ የእግር ብረት ተገኝቶበታል ይባላል። በሁለቱ መካከል ዓለቱን ሰርስሮ የሚያልፍ መተላለፊያ አለ፤ ምንም ብርሃን አይገባበትም። አገሬው ሲኦል ይለዋል። ልማዱም የታወቀ ነው፤ መብራት አይበራም፣ ቀኝ እጅ ግድግዳውን ይዞ ግራ እጅ ራስን ከዓለቱ እየጠበቀ፣ ብርሃን እስኪታይ ወሬ ሳይወራ በጸሎት ይታለፋል። ከሲኦል የሚወጣ ሰው ብርሃንን የሚያውቀው እንደዚያ ነው ይላሉ። እኔ የዚያው አገር ልጅ ሆኜ ከአባቴ ወገብ ላይ ተጣብቄ ካልሆነ አልፌበት አላውቅም።

ስልኬን ሳወጣ እናቴ ቀማችኝና ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጠረችው። «ሲኦል ባትሪ ይዞ የሚገባ አለ? ወሬም የለም» ብላ ግራ እጇን ሰጠችኝ። ራሷን የምትጠብቅበትን እጅ ነው የሰጠችኝ፤ ስለዚህ ጎንበስ ብላ ገባች፣ እኔም ተከትዬ።

ጥቂት እንደሄድን ዓይን መግለጥና መጨፈን አንድ ሆነ። የሚሰማኝ የእግሯ ኮቴና የእጇ ሙቀት ብቻ ነበር። ከዚያ እጇ ከእጄ ወጣ።

አዳለጣት ብዬ ክው አልኩ። «እማየ» አልኩ። መልስ የለም። ጎንበስ ብዬ መሬቱን ዳበስኩ፤ ድንጋይ ብቻ ነው። ወዲያና ወዲህ ስዳብስ ግድግዳው ከእጄ ጠፋ፤ ሳገኘውም የቱ ቀኝ የቱ ግራ እንደሆነ፣ የመጣሁት በየት እንደሆነ አላውቀውም። ወድቃ ይሆናል፣ ራሷን መትቷት ይሆናል፣ እኔም እየረገጥኳት ይሆናል እያልኩ ቆምኩ። አንዲት እርምጃ እንኳን መራመድ አቃተኝ። ጸሎቱን ጀምሬ መሃሉ ጠፋብኝ። ከዚያ ድምፄን ከፍ አድርጌ አለቀስኩ፤ አላፈርኩም።

ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም። ኮቴ ሰማሁ፤ ከኋላዬ ይመስለኝ ከነበረው በኩል ነው። እጅ ትከሻዬን ዳበሰ፣ ወርዶ ክንዴን ያዘ፣ አዙሮ ሳበኝ። ወሬ የለም። እየተሳብኩ ሄድኩ፤ ግራጫ ብርሃን ታየ፣ ቀጥሎ የእናቴ ጀርባ ታየ።

ውጭ ስንወጣ ልብሷን፣ ግንባሯን፣ እጆቿን አገላብጬ አየሁ። አንድም ጭረት የላትም። ያኔ ተናደድኩ።

«ለምን አትመልሽልኝም? ወድቀሽ ነው ያልኩት!»

«ወሬ የለም ብየሽ አልነበር?» አለች። ቀጥላም ይዛኝ ቁጭ አለች። «እጅሽን የለቀቅኩት እያወቅኩ ነው። ይኸ ዓይኔ ሲጠፋ ብቻየን መውጣት እችል እንደሁ ላየው ብየ ነው። ወጣሁ። ስታለቅሽ ሰማሁና ተመለስኩ።»

እጇን ስይዘው ጨምድዳ ያዘችኝ፤ አልለቅም አለች። እስከዚያች ሰዓት ድረስ የምፈራው እኔ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

«ፈርተሻል» አልኳት።

«ፈርቻለሁ እንጂ። ልቤ ሊወጣ ነበር። ሐኪሙ ከነገረኝ ጀምሮ ስፈራ ነው የምውል የማድር፤ አንቺ እንዳትሰሚ ብየ ነው ዝም ያልኩ።»

«እኮ ለዚህ ነው ከእኔ ጋር ነይ የምልሽ። ክፍሉ ተዘጋጅቷል። ማንም አይነካሽ፣ ምንም አትነኪ።»

ወደ መጣንበት ጨለማ ዞረች። ያን ጊዜ እንኳ ፊቷን በሙሉ ማዞር ነበረባት፤ በጎን የሚታያት የለም።

«እዚህ ግድግዳውን አውቀዋለሁ» አለች። «ወልድያ ብሄድ ፍርሃቱ ይቀራል? አይቀርም። እንግዲያ በቤቴ ሁኘ ልፍራ፣ ልጄ።»

ስልኬን ስጪኝ አልኳት። ከነጠላዋ ፈትታ ሰጠችኝና ለሹፌሩ ደወልኩለት፤ አንደኛውን ቦታ ለሌላ ሰው እንዲሰጥ ነገርኩት።