ተፈርፋሪ አፈር

ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ «ተፈርፋሪ» የሚለውን ቃል ለፈተና ሸምድጄው ነበር። ሲጨብጡት የሚሰበሰብ፣ በአውራ ጣት ጫን ሲሉት ደግሞ ሳይጣበቅ የሚበተን አፈር ማለት ነው። ማረሻ መግባት ያለበት ያኔ ነው። ሳይደርስ ከታረሰ ጓል ይሆናል፤ ጓል ሲደርቅ ድንጋይ ነው። በእኛ ማሳ ጓል የምትከሰክሰው ወገቧን የሚያማት እናቴ ናት።

አምና ሰኔ፣ በሚካኤል ዋዜማ፣ የእኩል አራሻችን በሬዎቻቸውን እየነዱ ደባርቅ ዳር ወዳለችው ማሳችን በጧት መጡ። ሌሊቱን ዘንቦ ነበር። ማግስቱ በዓል ነው፣ አይታረስም። ከዚያ ወዲያ በሬዎቹ ለአማቻቸው ማሳ ወደ ዳባት ይሄዳሉ። ለእኛ የነበረችው ያቺ ቀን ብቻ ናት።

ከንጋት ጀምሮ አፈሩን ስጨብጥ ነበር። ይጣበቃል። ሰው ፊት መናገር ስለሚከብደኝ፣ አፌን የከፈትኩት ቀንበሩን ሲያነሱ ነው።

«ጋሼ፣ ትንሽ ቢቆይስ? ገና እርጥብ ነው፤ ጓል ይሆናል።»

የእግራቸውን ጭቃ በዱላ እየፋቁ ሳቁ። «ልጄ፣ በሬና ቀን ተገናኝተውልሽ ደግሞ አፈር ትለማመጫለሽ?»

እናቴ ከድንበሩ ላይ ሆና፣ «እስቲ ይቆዩላት። የተማረችው ይኸንኑ ነው» አለች።

«እንግዲያው እስከ ቀትር። ከዚያ በሬዎቼን ይዤ እሄዳለሁ።»

ፀሐይ ወጣች፣ ደመና ሸፈናት፣ ደግሞ ወጣች። መቀመጥ አቃተኝ። ከላይ እስከ ታች እየተመላለስኩ እጨብጣለሁ፣ መዳፌን በቀሚሴ እጠርጋለሁ።

«ልታሳርሺው ነው ልታቦኪው?» አሉ ጋሼ።

ቀትር ላይ የተዳፋቱ የላይኛው ግማሽ በጣቶቼ መሀል ተበተነ። ውሃ የሚተኛበት ታችኛው ግን ጭቃ እንደሆነ ነበር።

«ከላይ ይጀምሩ» አልኩ።

«ታችኛውስ?»

«አልደረሰም።»

«ተመልሼ አልመጣም እኮ።»

እናቴን አየኋት። እሷም እኔን ታያለች። «ይቅር» አልኩ።

ገብሱን ዘርተው፣ በማረሻ ሸፍነው ሄዱ። በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ነጠላዬን እንደለበስኩ ወደ ማሳው ወረድኩ። ታችኛው ሊደርስ ትንሽ ነበር የቀረው። በዛሪማ በኩል ግን ደመና ቋጥሮ ነበር፤ ማታውን ዘነበ።

ግማሹ ማሳ ጦም አደረ። በላይኛው ያገኘቻትን ጥቂት ጓል እናቴ በእግሯ እየረገጠች አለፈች። ስለ ታችኛው አንድ ቀን ብቻ ጠየቀችኝ።

«እርግጠኛ ነበርሽ?»

«ስለ አፈሩ፣ አዎ» አልኳት።